ተአምረኛ ጽንስ፦ በልብ ወለዱና በምርመራ ክፍላችን

አንድ መጽሐፍ ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ የአንባቢው ይሆናል ይባላል። ስለሆነም አንድን ልብ ወለድ ለመመዘን የተነሣ ሰው የደራሲውን ብዕር ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው በአንባቢው ዘንድ ያሳደረውን ስሜትም መመርመር ይጠበቅበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ፓተርሰን «ክሬድል ኤንድ ኦል» በሚል ርእስ ያቀረበውን ልብ ወለድ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ባልደረቦች መካከል ካስነሣው ክርክር ጋር አያይዞ መሄስ ነው።

መጽሐፉ ወደ ጤና ጣቢያችን የገባው ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ተገዝቶ፣ ሽፋኑ ተላልጦ ነበር። በተረኞች ክፍል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከረመ። እንግሊዝኛው የከበዳቸውም ታሪኩን ከሌሎች አፍ ሰምተው በቡና ሰዓት ክርክሩን ተቀላቀሉ።

የታሪኩ ጭብጥ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት አሜሪካዊትና አንዲት አየርላንዳዊት፣ ሁለቱም ገና በአፍላ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጃገረዶች፣ ወንድ ሳያውቁ ይጸንሳሉ። በዚያው ወቅት ዓለም በወረርሽኝ፣ በድርቅና በረኃብ ትመታለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነገሩን እንድታጣራ ቀድሞ መነኩሲት የነበረችውን የግል መርማሪ አን ፊትዝጀራልድን ትቀጥራለች። ከሁለቱ ጽንሶች አንዱ የመድኃኒት፣ ሌላው የጥፋት ልጅ ነው የሚል ምሥጢራዊ ትንቢት አለና፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አንባቢው እስከ መጨረሻው ልቡ ተንጠልጥሎ ይከተላል። ደራሲው ይህንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 «ቨርጂን» በሚል ርእስ አሳትሞት ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ እንደገና ጽፎ አሁን በያዘው ርእስ አወጣው።

የባልደረቦቼን አስተያየት በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው የሃይማኖት ቅሬታ ነው። በዕድሜም በአገልግሎትም ታላቃችን የሆኑት ሲስተር መጽሐፉን አጋማሹ ላይ ዘግተው መለሱት። «ይህ ነገር የሆነው አንድ ጊዜ ነው፤ የሆነላትም አንዲት ናት። ሌላው ድፍረት ነው» አሉ። ሙስሊም የሆነችው አዋላጅ ባልደረባችን ደግሞ መርየም በቁርኣን በስሟ የተሰየመ ምዕራፍ ያላት የተከበረች እናት መሆኗን አስታውሳ፣ ከሲስተር ጋር ተስማማች። ሁለተኛው ወገን በልብ አንጠልጣይነቱ የተማረከው ነው። ወጣቱ የላቦራቶሪ ባለሙያችን ሌሊቱን ሙሉ እንዳላስተኛው በኩራት ነገረን። ሦስተኛውና ብዙው ወገን ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ «ዶክተር፣ በሕክምናው ይቻላል ወይ?»

እንደ ልብ ወለድ ከተመዘነ የሁለተኛው ወገን አስተያየት መሠረት አለው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ ጥያቄ ፈትተው ሌላ ይቋጥራሉ። በእምነትና በጥርጣሬ መካከል የምትዋልለው መርማሪ ከሁሉም ገጸ ባሕርያት ይልቅ ሕይወት አላት። ይሁን እንጂ ደራሲው ለትንቢቱ ማስደገፊያ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1917 በፖርቱጋል ፋጢማ ለሦስት ሕፃናት ተገለጠ የሚባለውን ምሥጢር ነው። ወጣቱ ባልደረባችንም ይህን እንደ እውነተኛ ታሪክ ወስዶት ነበር። የምሥጢሩን ሦስተኛ ክፍል ግን ቫቲካን መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2000፣ ለሕዝብ ይፋ አድርጋዋለች። በጽሑፉ ውስጥ ነጭ የለበሰ ጳጳስ ሲገደል የሚያሳይ ራእይ እንጂ ስለ ደናግል ጽንስ አንድም ቃል የለም። ስለዚህ ትንቢቱ የደራሲው ፈጠራ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

የሲስተርም ቅሬታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን የተአምር ልደት ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢያቄምና ሐና፣ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ፣ ሁሉም ልጅ አጥተው ሲያዝኑ የኖሩ ባለ ትዳሮች ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ልጇን አዝላ ስለቷን የምታደርሰው እናትም ባሏን አልካደችም፤ ተዘግቶ የነበረ ማኅፀን ተከፈተልኝ ነው የምትለው። ልጅ ያለ አባት ተገኘ ማለት ግን በሕዝባችን አእምሮ የአንዲት ሴት ብቻ ታሪክ ነው። ልብ ወለዱ ይህን ወደ ሁለት ልጃገረዶች ሲያባዛው ተአምሩ ወደ ወንጀል ምርመራ መዝገብነት ይወርዳል። ሲስተር «ድፍረት» ያሉት ይህን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። ሴት እንቁላል ያለ ወንዴ ዘር መከፋፈል መጀመሯ በእርግጥ ያለ ነገር ነው። በማኅፀን ሐኪሞች ዘንድ «ዴርሞይድ» የሚባለው የእንቁላል ማኅደር እጢ፣ ጸጉርና ጥርስ ይዞ የሚገኘው፣ ከዚህ ዓይነት እንቁላል የሚነሣ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሙሉው የ«ሞላር» እርግዝና የአባት ዘረ መል ብቻ ያለው ነው። የመጀመሪያው ጽንስ አልሆነም፤ ሁለተኛውም ልጅ አልሆነም። ምክንያቱም የተወሰኑ ዘረ መሎች ከእናት ወይስ ከአባት መምጣታቸውን የሚያመለክት ምልክት አለባቸው፤ የሁለቱም ወገን ከሌለ የእንግዴ ልጁና የጽንሱ ዕድገት አይሟላም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን «ካጉያ» የተባለች አይጥ ከሁለት እናቶች ብቻ እንድትወለድ የተደረገው፣ የአንዷ ዘረ መል በቤተ ሙከራ ተለውጦ ነው። ያም ሆኖ ከ450 በላይ ከተዘጋጁ እንቁላሎች ለአካለ መጠን የደረሰችው አንዲቷ ብቻ ናት። በዚያም ላይ እንዲህ ያለ ጽንስ የዋይ ክሮሞዞም ከየትም ስለማያገኝ ሴት ከመሆን በቀር አማራጭ የለውም። ስለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ በተፈጥሮ መንገድ በሰው ልጅ ላይ አይሆንም። ተአምር ነው የሚል ካለም የሚናገረው ከሕክምና ውጭ ስላለ ነገር ነው።

ደናግል ሆነን ጸነስን የሚሉ ሴቶች ግን ከጥንት ጀምሮ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 በእንግሊዝ አገር አንድ ጋዜጣ እንዲህ ያላችሁ እናቶች ቅረቡ ብሎ ባወጀ ጊዜ 19 ሴቶች ቀርበው ነበር፤ ውጤቱም በሚቀጥለው ዓመት «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከመካከላቸው 11ዱ ጥያቄውን የተረዱት ድንግልናቸው ሳይገሠሥ መጽነስ ማለት ነው ብለው ነበር። በመጨረሻ በቀረችው አንዲት እናትና በልጇ መካከል የተደረገው የቆዳ ንቅለ ተከላም ሳይይዝ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2013 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያወጣው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከ7,870 ሴቶች መካከል 45ቱ፣ ማለትም ግማሽ በመቶ ያህሉ፣ ግንኙነት ሳናደርግ ጸነስን ማለታቸውን ዘግቧል። ከእነዚህ ውስጥ ሲሶ የሚጠጉት እስከ ጋብቻ በንጽሕና ለመቆየት ቃል ኪዳን የፈረሙ ነበሩ፤ ከሌሎቹ እናቶች ግን እንዲህ ያደረጉት 15 በመቶ ያህል ናቸው። ተአምር የሚበዛው ነውር በከበደበት ቤት መሆኑን ይህ ቁጥር ይጠቁማል።

ልብ ወለዱን በሙያ ዓይን ስናየው ትልቁ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ የቆመው ሐኪሞች ልጅቱን መርምረው ድንግልናዋን «አረጋገጡ» በሚል መሠረት ላይ ነው። ይህ መሠረት አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ2004 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ልጃገረዶችን መርምሮ፣ ግንኙነት ስለመፈጸሙ የማያሻማ ምልክት የተገኘባቸው ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሁሉም ጸንሰው ነበር፤ ሠላሳ አራቱ ግን በደራሲው ሐኪሞች መስፈርት ተአምረኞች ሊባሉ ነው! የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ ዋጋ የሌለውና የሰብአዊ መብት ጥሰት መሆኑን ገልጾ እንዲቀር ጠይቋል። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት በተጻፈው የያዕቆብ ቀዳማይ ወንጌል በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ እንኳ፣ አላምንም ብላ በእጇ ለመመርመር የደፈረችው ሰሎሜ እጇ በእሳት እንደተበላ ነው የሚተረከው። የጥንቱ ተራኪ ከዘመናዊው ደራሲ ይልቅ በዚህ ነገር ላይ ጠንቃቃ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከስሕተት ነጻ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ ዝርዝሩን ማንነቷ እንዳይለይ አድርጌ ልናገርና፣ አንዲት እናት ገና ያልጎረመሰች ልጇን ሆዷ ይነፋል ብላ ይዛት መጣች። ምርመራው እርግዝና መሆኑን አሳየ። እናቲቱ ባለችበት «ወንድ አውቀሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አላውቅም ዶክተር» አለች። ደግሜ ብጠይቃት መልሷ ያው ሆነ። በካርዷ ላይ ግንኙነት እንደሌላት ትገልጻለች ብዬ ጻፍሁና ለአልትራሳውንድ አዘዝኋት። እናቲቱም እያለቀሰች «እንግዲህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አለች።

ነገሩን የፈቱት እኒያው ሲስተር ናቸው። እናቲቱን ወደ ካርድ ክፍል ላኩና ከልጅቱ አጠገብ ተቀምጠው «የኔ ልጅ፣ ያስፈራራሽ ሰው አለ?» አሏት። ልጅቱ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያም ከቤታቸው ማዕድ የማይለይ አንድ ዘመድ መሆኑን ተናገረች። አልዋሸችኝም ነበር። «ወንድ ማወቅ» በእርሷ አእምሮ ወድዶና ፈቅዶ የሚደረግ ነገር ነው፤ እርሷ ደግሞ አልወደደችም፣ አልፈቀደችም። መልሷ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የእኔ ጥያቄ ነው። ከ45ቱ አሜሪካውያት መካከልስ ስንቶቹ በዚህ መንገድ እውነታቸውን ተናግረው ይሆን?

የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ከልብ ወለዱ ይሻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንሱ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ ቃሏን እንጂ ገላዋን ማስረጃ አላደረገም። በአንቀጽ 626 እና 627 መሠረትም ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት ከባድ ወንጀል ነው። ልጅቱ ምርጫዋን አውቃ፣ ሕክምናዋንና ጥበቃዋን አግኝታ፣ ወደ ተቀናጀ አገልግሎት ማዕከል እንድትላክ የሚያደርገው ግን በመጀመሪያ ያገኛት የጤና ባለሙያ ነው። ያ ባለሙያ ካልጠየቀ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ተአምር ሲባል ዝም ማለት የሚያስከትለውን ጉዳት ከጎረቤት አገርም መማር ይቻላል። በለንደን ይሰብክ የነበረው ኬንያዊው ጊልበርት ዴያ መካን ሴቶችን በጸሎት አስረግዛለሁ በማለቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ዜናው ዓለምን ዞረ። ሴቶቹ የሚወልዱት ወደ ናይሮቢ ሄደው ነበር። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የመረመረው አንድ ሕፃን ወላጆች ነን ከሚሉት ጋር የዘረ መል ዝምድና እንደሌለው ታወቀ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2017 ለኬንያ ተላልፎ ቢሰጥም በ2023 በማስረጃ እጥረት ነጻ ተለቅቋል። የፍርዱ ነገር እንዲህ ቢያልቅም፣ አንድ ጥያቄ ለእኛ ይቀራል፤ የጸሎት ልጅ ተብሎ የታቀፈው ሕፃን የማን ልጅ ነበር?

በልብ ወለዱ ውስጥ ካህኑ፣ ጋዜጠኛው፣ ሐኪሙና መርማሪዋ በሁለቱ ልጃገረዶች ዙሪያ ይራወጣሉ። ሁሉም ስለሚወለደው ልጅ ማንነት ይጨነቃሉ። የልጃገረዶቹ ፍርሃት ግን ለታሪኩ ማጣደፊያ ከመሆን አያልፍም። በጤና ጣቢያችን የተነሣው ክርክርም ከዚህ አልራቀም፤ ይቻላል ወይስ አይቻልም፣ ድፍረት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ብዙ ተባባልን። ሲስተር ግን መጽሐፉን የመለሱበትን ሌላ ምክንያት በመጨረሻ ነገሩኝ፤ «ዶክተር፣ ይህን ያህል ገጽ ሳነብ ልጅቱን ብቻዋን አስቀምጦ ምን ሆነሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ብፈልግ አጣሁ» አሉኝ። ከሰማሁት ሂስ ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው።

መጽሐፉን አታንብቡ አልልም። ለተረኛ ሌሊት የሚሆን ጥሩ ልብ አንጠልጣይ ነው። ሲያልቅ ግን በየምርመራ ክፍላችን የምንጠይቀውን ጥያቄ እንመልከት። ቤተሰብን በአክብሮት ወደ ውጭ መላክ፣ በሩን መዝጋት፣ «ወንድ ታውቂያለሽ?» በሚለው ፈንታ «ሳትፈልጊ የነካሽ፣ ያስፈራራሽ ሰው አለ?» ማለት፣ ከዚያም መልሱን መጠበቅ። ይህ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም።