ከሁሩሙ እስከ ነቀምቴ፤ ስለ አንድ የማንበቢያ መጽሐፍና ስለ ሁለት ጸሐፊዎቹ

የታወቁ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ እንደ መሰላል ይቆማል። ከታች መንደሩና የሙት ልጅነቱ፥ ከላይ ክብሩና መታሰቢያው ይቀመጣል፤ አንባቢውም ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተመራ ይወጣና በመጨረሻው ላይ ያጨበጭባል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለተማሪዎች ምሳሌ ለመስጠት ያገለግል ይሆናል። ነገር ግን ሰውዬው በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ምን እንደ ሠራ፥ ሥራውንም ከማን ጋር እንደ ሠራ ይሰውርብናል። በዚህ ወር ልንመረምረው ያሰብነው የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክና በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ይህን ጉድለት በሚገባ ያሳያሉ። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ታሪኩ በተለመደው መንገድ ሲነገር እንዲህ ነው። ሂካ የተባለ ሕፃን በ1850ዎቹ ዓመታት በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ሞተበት። ከዚያም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ፤ ስምንት ጌቶች እየተቀባበሉት ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ቬርነር ሙንሲንገር የተባለው ስዊሳዊ ነጻ አወጣውና በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባው። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ወደ ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ያህል ተማረ። ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት በሱዳን በኩል ቢሞክርም ከአሶሳ አላለፈም፤ በ1882 በንዳድ ታሞ ካርቱም ተመለሰ። በሌላ መንገድም ሞክሮ አልሆነለትም። አዲስ ኪዳንን በ1893፥ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳተመ። በ1904 ወለጋ ገብቶ ነቀምቴ ላይ ተቀመጠ፤ በ1931 በዚያው አረፈ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ ነገር ሲዘለል እናያለን፤ ይኸውም ቋንቋው ነው። በልጅነቱ ከወገኖቹ የተነጠቀ፥ ከዚያ በኋላ ዐረብኛና ስዊድንኛ በሚነገርበት አገር ያደገ ሰው ኦሮምኛን እንዴት አድርጎ የመጽሐፍ ቋንቋ ሊያደርገው ቻለ? ኦነሲሞስ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንደ ልብ እንደማይታዘዝላቸው በሥራው ላይ ተረድተውታል። ይህ ችግር ከስምንቱ ጌቶች ጭካኔ ይልቅ ለሥነ ጽሑፍ መርማሪ የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱም ስደት ከሰው ላይ የሚወስደው ምን እንደ ሆነ በግልጥ ያሳያል። ነጻነት በአንድ ቀን ተመልሶ ይሰጥ ይሆናል፤ ቃላት ግን አንድ በአንድ መለቀም አለባቸው።

ቃላቱን የለቀሙላቸው አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር በ1870ዎቹ መጀመሪያ ተወልደው በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባርነት ሥር የነበሩ፥ በ1886 ለሽያጭ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ሲወሰዱ ጣልያኖች መርከቡን ይዘው ያስለቀቋቸው ልጃገረድ ነበሩ። እምኩሉ ሲደርሱ ቋንቋቸው እንደ ወጣ እንጀራ ትኩስ ነበር፤ ተረቱንም፥ እንቆቅልሹንም፥ ምሳሌያዊ አነጋገሩንም፥ ዘፈኑንም በልባቸው ይዘውት መጥተዋል። ከዚህ ሀብት አምስት መቶ ያህል ሰብስበው እንደ ጻፉ ይታወቃል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከኦነሲሞስ ጋር ባዘጋጁት በ1894ቱ የማንበቢያ መጽሐፍ ገብተዋል። ለመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉምም የቃላት ሥራ የሠሩት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ የመሰላሉ ታሪክ «ኦነሲሞስ ተረጐመ» ብሎ በአንድ ግሥ ሲያልፍ፥ ከግሡ ጀርባ ተቀምጣ የምትጽፍ ሴት መኖሯን አንባቢ አያይም። የስዊድኑ ሊቅ ጉስታቭ አሬን በ1978 ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ የሚሲዮኑን ጉዞ በትጋት ተከታትለዋል፤ መቅድማቸው የቤተ ክርስቲያን አመሠራረት በመሆኑ ግን ሰዎቹ በጉዞው ላይ የሚታዩ ተጓዦች ናቸው። ፕሮፌሰር መኩሪያ ቡልቻ በ1995 ባወጡት ጥናት ነገሩን ከኦሮምኛ ጽሕፈት አንጻር መመልከታቸው ይበልጥ ወደ ጉዳያችን ያቀርበናል።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንግባ። የማንበቢያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ ትምህርት ወስዶ መገልበጥ ነው፤ ሁለተኛው ሕፃኑ ከእሳት ዳር ሰምቶ የሚያውቀውን ነገር በፊደል አልብሶ ለራሱ መልሶ መስጠት ነው። ሁለቱ ጸሐፊዎች ሁለተኛውን መምረጣቸው የመጽሐፉ ታላቅ ብልኀት ነው። ሕፃኑ ተረቱን ስለሚያውቅ ዐይኑ በፊደሉ ላይ ሲደናቀፍ ጆሮው ይረዳዋል። በዚህም ላይ እንቆቅልሽን የመሰለ ጨዋታ ሲጻፍ አንድ የማይጠበቅ ነገር ይፈጸማል። እኛ በአማርኛ እንቆቅልሹን ያልፈታውን ተጫዋች «አገር ስጠኝ» እንላለን፤ እርሱም የሚያውቀውን አገር ይሰጣል። አገራቸውን የተነጠቁ ሁለት ሰዎች በቀይ ባሕር ዳር በሙቀት ውስጥ ተቀምጠው የወገኖቻቸውን እንቆቅልሽ ሲጽፉ ስናስብ፥ ጨዋታው ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይታየንም። የስሙም ነገር አለ። ሂካ የሚለው ስም «ሂኩ» ከሚለው ግሥ ጋር ይገናኛል፤ ትርጉሙም ፈታ፥ ተረጐመ ማለት ነው። በአማርኛችንም እስረኛ ይፈታል፥ ሕልምም ይፈታል። እናቱ ወይም አባቱ ይህን ስም ሲያወጡ የሚመጣውን አላወቁም፤ ጸሐፊዎች ግን ይህን የመሰለ ዕድል ሲያገኙ ሳይጠቀሙበት ማለፋቸው ይገርመናል።

ሌላም ንጽጽር እናቅርብ። ኦላውዳ ኢኩያኖ የተባለው አፍሪካዊ የራሱን የባርነት ታሪክ በ1789 ለንደን ላይ አሳተመ። የጻፈው ለእንግሊዞች ነው፤ የባሪያ ንግዳቸውን እንዲያስቀሩ ሊሞግታቸው ስለ ፈለገ ሥቃዩን ሁሉ በራሱ አፍ ተናገረ። የወለጋው ተወላጅ አቶ አማኑኤል አብርሃምም ከቦጂ ተነሥተው አምባሳደርና ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱበትን የአገልግሎት ዘመናቸውን በእንግሊዝኛ ጽፈው በ1995 አውጥተዋል። ኦነሲሞስ ግን ስለ ባርነታቸው ለስዊድን ሚሲዮን ቦርድ ከጻፉት ቃል በስተቀር ለዓለም የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አላዘጋጁም። ለዚህ ምክንያቱ ትሕትና ነው የሚሉ ይኖራሉ። በእኛ አስተያየት ምክንያቱ አንባቢያቸው ነው፤ እርሳቸውና አስቴር ያሰቡት አንባቢ የውጭ አገር ሸንጎ ሳይሆን የጊዳና የሊሙ ሕፃን ነበር። ለዚህ ሕፃን የሚያስፈልገው የደራሲው መከራ ሳይሆን ፊደል ነበረ።

በ1904 ነቀምቴ ሲደርሱ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) በክብር ተቀበሏቸው። በ1906 በሃይማኖት ክርክር ተከስሰው ከአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀረቡ፤ ስደት ቢፈረድባቸውም ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው፥ ስብከት ተከልክለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ አደረጉ። ክልከላው በልጅ ኢያሱ ዘመን በ1916 ተነሣ። አጫጭር የሕይወት ታሪኮች በዚህ ክርክር ላይ ሲቆዩ፥ በመካከል ያለውን ዐሥር ዓመት «ዝም አሉ» ብለው ያልፉታል። ዝምታ ከተባለ እጅግ ሥራ የበዛበት ዝምታ ነው፤ ሰውዬው በእነዚያ ዓመታት ፊደል ያስተምሩ ነበር። የአገር አገልግሎት ማለት ምን እንደ ሆነ ለማየት የሚፈልግ ጸሐፊ ብዕሩን እዚህ ላይ ያቁም እንላለን። ሌሊት ጉባኤ የሌለበት፥ ሙግት የሌለበት፥ አንድ ሽማግሌ ከሕፃናት ጋር ሀ ሁ የሚልበት ተራ ቀን ለመጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ሃያ ሰባቱ የነቀምቴ ዓመታት በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ ቀን የተሠሩ ናቸው።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አንልም። የግዕዝ ፊደል ሰባት የድምፅ መልክ ሲኖረው፥ ኦሮምኛ አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢ አለው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውንም ፊደሉ አይለይም። «ዸ»ን የመሰለ ተጨማሪ ፊደል ለአንዱ ድምፅ ቢበጅም ሌላው ችግር ለአንባቢው ግምት ተትቷል። የቋንቋው ተናጋሪ በዐውዱ ይለየዋል፤ ጀማሪ ግን ይቸገራል። ኦሮምኛ ከ1991 ጀምሮ በላቲን ፊደል በትምህርት ቤት እንዲጻፍ ሲወሰን ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ክርክሩን እዚህ አናነሣም። የሚያሳዝነን ግን ውጤቱ ነው፤ ዛሬ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፥ አንዲት ቃል ግን አይገባውም። መጽሐፉ የተጻፈለት የጉቶ ጊዳ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ደግሞ ቢነበብለት ሁሉንም ይረዳል፥ ዐይኑ ግን ፊደሉን አያውቀውም። ሁለቱን ፊደላት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያኖረ እትም፥ ከተረቶቹ ማብራሪያ ጋር፥ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ወጪው ከአንድ ሐውልት ወጪ አይበልጥም።

አስቴር ጋኖ ከኦነሲሞስ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረው በ1964 ዐረፉ። ስለዚህ በሕይወታቸው ያዩአቸው፥ ከአፋቸውም የሰሙ ሰዎች ከተገኙ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ወይም ያለፈ ነው። በነቀምቴ የሚገኙ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ መጽሐፉን ይዘው ወደ እነዚህ ሽማግሌዎች ቢሄዱ፥ የትኛው ተረት እንዴት ሲነገር እንደ ሰሙ እየጠየቁ በኅዳጉ ላይ ሊጽፉት ይችላሉ።