«ነፃ» እና «በነፃ»

ባለፈው ወር ከሳን ሆዜ ተነሥቼ ኦክላንድ ወደተጠራው የዕድራችን ስብሰባ ሄድኩ። አጀንዳው የመተዳደሪያ ደንቡን ማሻሻል ነበር። ፋይሉ ተገኘ፤ የሚከፍተው ግን ጠፋ። ደንቡ የተተየበው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በገንዘብ በተገዛ የአማርኛ መጻፊያ ሲሆን፣ ሻጩ ከገበያ ከወጣ ሰንብቷል። ስክሪኑ ላይ የወጣልን የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። አንድ ወዳጄ «ሶፍትዌር ሲሸጥ መጨረሻው ይኸው ነው!» ሲል፣ አንድ አዛውንት ደግሞ «ካልተሸጠማ ማን ይሠራልሃል ልጄ?» አሉት።

እንደ ሙያው ሰው ሁለቱም ዒላማውን የሳቱ ይመስለኛል።

የእንግሊዝኛው «ፍሪ» ነፃነትንም ያለክፍያ መገኘትንም ስለሚገልጽ ፈረንጆቹ ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። እኛ ግን ታድለናል። «ነፃ ሰው» እና «በነፃ የሚሠራ ሰው» ለየቅል መሆናቸውን «በ» የምትባለው አንዲት ፊደል ትነግረናለች። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራች የሆነው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ኢማክስ የተባለውን ፕሮግራሙን በቴፕ እየቀዳ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። በኋላ ያወጣው ጂፒኤል የተባለው ፈቃድም ዋጋ መጠየቅን አይከለክልም። የሚከለክለው ገዢውን ማሰር ነው፤ ምንጭ ኮዱን ያገኛል፣ ያሻሽለዋል፣ ለፈለገው ያካፍለዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወራት አጎንብሶ ለደከመበት ዋጋውን ይቀበል ነበር። ገዢው ያንኑ መጽሐፍ ለሌላ ጸሐፊ ሰጥቶ እንዳያስገለብጥ የከለከለ ግን መኖሩን ሰምቼ አላውቅም።

እርግጥ ነው፣ ምሳሌው እዚህ ላይ ያነክሳል። ዳዊት መገልበጥ ወራት ይፈጃል፤ ሶፍትዌር መገልበጥ ሴኮንድ። የመጀመሪያው ገዢ ለሁሉም ሊያድለው ስለሚችል የቅጂው ዋጋ ወደ ዜሮ ያዘነብላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚኖሩት ድርጅቶች በዋናነት የሚሸጡት ቅጂውን ሳይሆን ጥገናውንና ኃላፊነቱን ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር የገዛው የሊኑክስን ኮድ ማግኘት አቅቶት አይደለም። የእኛ ዕድር ግን ለጥገና በጀት ይዞ አያውቅም።

ወደ ግዕዝ ፊደል ስንመጣ፣ እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ቀዳሚዎች በራሳቸው ድካም መንገዱን ጠርገዋል። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አዘጋጅ «ሀ»ን ባሻው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ነበር። ደንባችንን የቀበረውም ዋጋው ሳይሆን ይኸው ሠንጠረዥ ከሻጩ ጋር መጥፋቱ ነው። ፍርዱ ሚዛናዊ ይሁን ከተባለ ግን አንድ ዲስክ ገዝተን ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያባዛነው እኛው ነን። ሠሪው ቁልፍ ላይ ቁልፍ ቢደርብ ምን ይገርማል?

ዛሬ የጉግል ኖቶ ፎንት አለ፤ የኤስአይኤል አቢሲኒካ አለ፤ ቀድሞ ይሸጥ የነበረው ኪማንም እ.ኤ.አ. በ2015 በኤስአይኤል እጅ ገብቶ በኋላ ኮዱ ተከፍቷል። ሁሉም ነፃ፣ ሁሉም በነፃ። እሰየው ነው። ይሁንና ፊደላችን የሚጻፍበትን መሣሪያ የሚያስጠግኑት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው፤ እኛ አዋጥተን ያሠራነው ስንት ነው?

ስለዚህ ለስብሰባው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ለአንድ ወጣት ባለሙያ 800 ዶላር እንክፈልና አሮጌውን ፋይል ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ይሥራልን፤ ኮዱም በጂፒኤል ይለቀቅ። «እኛ ከፍለን ሌላው ዕድር በነፃ ሊወስደው?» የሚል ተቃውሞ ወዲያው ተነሣ። ክርክሩ ምሳውን አቀዘቀዘው። በመጨረሻ በ400 ዶላር ተስማማን፤ ልጁም እሺ አለ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ግን አማርኛ ማንበብ አይችልም። ሠንጠረዡን ፊደል በፊደል የማመሳከሩ ሥራ ለእኔ ደርሷል። እሱን እንኳ በነፃ ነው የምሠራው።