ስልጠናው ካለቀ በኋላ

በአገራችን የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያን ማብቃት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የሆቴል አዳራሽ ነው። ለጥቂት ቀናት ስልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል፣ በመጨረሻ ሰርተፍኬት ይታደላል። ርዕሱ አንድ ጊዜ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ ሌላ ጊዜ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የሚሰጥ እርዳታ ይሆናል፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም። የሠልጣኙ ውጤት ከቅድመ ፈተናው ወደ ድኅረ ፈተናው ከፍ ይላል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ተገልጋይ ፊት ተቀምጬም፣ የጀማሪዎችን ሥራ እየተከታተልኩም ባሳለፍኳቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ይህ ሙያ የሚለመደው ከዚያ በኋላ መሆኑን ነው። የሚለመደውም ሌላ ባለሙያ የሠራነውን በሠራነው ልክ ቁጭ ብሎ ሲያይልን ነው።

ይህን ያጠኑት ራሳቸው ስልጠና የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊሊያም ሚለር ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለውን፣ ሰው የለውጥ ፍላጎቱን ከራሱ አንደበት እንዲያወጣ የሚረዳውን የምክክር ስልት ያመነጨ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ካሉ ሰዎች ጋር የሚሠሩ 22 ባለሙያዎችን በዚህ ስልት አሠለጠነ፤ ከስልጠናው በፊትና በኋላም ከተገልጋዮቻቸው ጋር ሲነጋገሩ የተቀዳውን ድምፅ አዳመጠ። ባለሙያዎቹ በጣም እንደተለወጡ ተናገሩ። ቴፑ ላይ የተሰማው ለውጥ ግን ትንሽ ነበር፤ ተገልጋዮቹ ደግሞ የሚመልሱት መልስ ከቀድሞው አልተለየም።

ሚለር ጥናቱን በዚያ አላቆመውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት 140 የሱስ ሕክምና ባለሙያዎችን በዕጣ መደበ። አንዳንዶቹ ስልጠና ብቻ ወሰዱ፤ ሌሎቹ ከስልጠናው በኋላ የተቀዳው ሥራቸው እየተሰማ አስተያየት ተሰጣቸው፣ ወይም አሠልጣኝ እየደወለ አገዛቸው፣ ወይም ሁለቱንም አገኙ። ይህን ተጨማሪ እገዛ ያገኙት ከሌሎቹ የበለጠ ችሎታ አሳዩ። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላው ግኝት ነው፤ ባለሙያዎቹ ለራሳቸው የሰጡት ግምት በቴፑ ላይ ከተሰማው ችሎታ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም።

«ልምድ ያስተምራል» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ 170 የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያዎችንና ከ6,500 በላይ ታካሚዎቻቸውን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ግን የባለሙያዎቹ ውጤት ከዓመታት ብዛት ጋር በአማካይ አለመሻሻሉን፣ እንዲያውም በጥቂቱ መቀነሱን አሳይቷል። ሸማኔ ድሩ ሲበጠስ ወዲያው ያየዋል። የእኛ ሥራ የሚሠራው በንግግር ነው፤ ንግግሩ እንዳለቀ የለም። ተገልጋይዋ ከወጣች በኋላ የሚቀረን ልንላት ያሰብነው እንጂ ያልናት አይደለም።

ለዚህ ችግር ሙያችን የቆየ መሣሪያ አለው፤ ቃል በቃል ማስታወሻ። ጀማሪው ባለሙያ ከተገልጋይ ጋር የተነጋገረውን በዚያው ቀን፣ ሳይረሳው፣ እሷ ያለችውንና እሱ ያለውን ተራ በተራ ይጽፋል። ስምና መለያ ይለወጣል። በጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በየንግግሩ መካከል የተሰማውን ያሰፍራል። ምን ያህል እንደሚያስተምር ለማሳየት፣ ደጋግመው ከሚገጥሙኝ ማስታወሻዎች አውጣጥቼ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት ለሥራ ማስጀመሪያ ድጋፍ መጥታ ትናገራለች፤

«ቤተሰቦቼ ደስ ብሏቸው ነው የተቀበሉኝ። ግን ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።»

«አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል። ዋናው በሰላም መምጣትሽ ነው።»

«እሱስ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ወሬው ከዚያ ወደ ቅጹ ይሻገራል። በወርሃዊው ሪፖርት ላይ ይህ ቀን «የሥነ ልቦና ድጋፍ ተሰጥቷታል» ተብሎ ይመዘገባል። ያ ውሸት አይደለም፤ ባለሙያዋ ከልቧ አጽናንታታለች። ቃል በቃሉ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ወጣቷ ስለ ሌሊቷ ለመናገር ጀምራ ነበር፤ ማጽናኛው ቀድሞ ደረሰና ምስጋና ብቻ አስቀራት። አመስግኖ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ ማንም ደግሞ እንዲቀጥል ካልተጋበዘ አይቀጥልም።

እዚህ ላይ ማስታወሻውን አብራት የምታነበው ሱፐርቫይዘሯ «ለምን እንዲህ አልሽ?» ካለች ጀማሪዋ መልስ ፍለጋ መጽሐፍ ትጠቅሳለች። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስትልሽ አንቺ ምን ተሰማሽ?» ብትላት ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ካለቀሰች ማስቆም የምችል አልመሰለኝም» የሚል ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማልቀስን ማስቆም ሥራዋ እንዳልሆነ፣ «ማታ ማታ ምን ትዝ ይልሻል?» ብላ ጠይቃ መታገሥ እንደምትችል፣ ከአቅሟ በላይ የሆነ ነገር ቢመጣ ወዴት እንደምትልካት ሁለቱ ይነጋገራሉ፤ ይለማመዳሉ። ማጽናናት ከባህላችን ያገኘነው ትልቅ ጸጋ ነው፤ መቅረት የለበትም። የሚማሩት መቼ እንደሚመጣ ነው። ይህን ደግሞ ስላይድ አያስተምርም፤ ጀማሪዋ በራሷ ቃል ላይ ማየት አለባት።

የማኅበራዊ ሥራ ምሁሩ አልፍሬድ ካዱሺን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፉ የሱፐርቪዥንን ሥራ በሦስት ከፍሎታል፤ አስተዳደር፣ ማስተማርና ባለሙያውን ማገዝ። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን የመጀመሪያው ሁለቱን ውጧቸዋል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚጠየቀው ስንት ቤት ተጎበኘ፣ ስንት ሰው ተረዳ፣ ሰነዱ ተሟልቷል ወይ የሚል ነው። ባለሙያውም የሚያሳየው የተስተካከለውን ብቻ ይሆናል። ለቁጥጥር የመጣ ሰው ፊት የተሳሳተ ንግግሩን የሚዘረጋ የለም፤ ካልተዘረጋ ደግሞ አይታረምም።

ይህ የግለሰቦች ስንፍና አይደለም፤ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ትምህርቱ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሱፐርቪዥን የሚወረስ ሙያ ነው፤ ሥራው በሌላ ሰው የታየለት ሰው ነው የሌላውን ማየት የሚችለው። የሠላሳ ዓመቱ ክፍተት መምህራንን ብቻ አላሳጣንም፤ በየሆስፒታሉና በየቀበሌው ጀማሪን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያሳድጉ አንጋፋዎችንም አሳጣን። ዛሬ ተማሪዎቻችን ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ የሚረከባቸው የሌላ ሙያ ሰው የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ክፍተቱ ግን ሊሞላ ይችላል። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ራይዝ የተባለ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች አካቷል። ለአንዳንዶቹ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የኅብረተሰቡ ሰዎች በክትትል እየታገዙ ቤት ለቤት ድጋፍ ሰጧቸው። ከ12 ወራት በኋላ እነዚህ ሰዎች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት በተሻለ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለው ተገኙ። ቤት ለቤት የሄዱት ሠራተኞች ዲግሪ ያላቸው ባለሙያዎች አልነበሩም። ስልጠና ወስደዋል፤ ከስልጠናው በኋላ ግን ብቻቸውን አልተተዉም።

ስለዚህ ስልጠና ለሚያዘጋጁና ገንዘብ ለሚመድቡ ሁሉ የምለው ይህ ነው። የሠልጣኙን ቁጥር በግማሽ ቀንሱ፣ የተረፈውን ገንዘብ ከስልጠናው በኋላ ላሉት ስድስት ወራት አውሉት። እያንዳንዱ ጀማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ከደመወዝ ግምገማ የተለየ፣ የማይሰረዝ የሱፐርቪዥን ጊዜ ይኑረው። ሱፐርቫይዘር በሌለበት አራት አምስት ባልደረቦች በየተራ አንድ ገጽ ቃል በቃል ማስታወሻ ይዘው ይቀመጡ፤ ከምክር በፊት ጥያቄ ይጠይቁ። በሪፖርቱ ላይም «ስንት ሰው ሠለጠነ» ከሚለው ቀጥሎ «የስንቱ ሥራ ታየለት» የሚል መስመር ይግባ። ያ መስመር ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ለተገልጋዩ የደረሰው ነገር ምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም ማለት ነው።