ጭብጥ መያዝ

በፍርድ ቤት ከሚሠራው ሁሉ ጭብጥ መያዝን የሚያህል ብልህ ሥራ አላየሁም። ከሳሽ «50,000 ብር አበድሬዋለሁ» ይላል። ተከሳሽ ደግሞ «ብሩን ተቀብያለሁ፤ ግን የሸጥኩለት ሰሊጥ ዋጋ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከሳሽ ብሩ ሲቆጠር ያዩ ምስክሮችን ይዞ ቀርቧል። ዳኛው ግን አስቀድመው የታመነውን ከተካደው ይለያሉ። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ታምኗል፤ ስለ ቆጠራው መመስከር አያስፈልግም። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ብድር ነው ወይስ የሰሊጥ ዋጋ? ጭብጡ ይህ ነው፤ ማስረጃም የሚጠራው ለዚሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንደሚለው ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው፤ የሰፈር ወሬ እዚህ ቦታ የለውም።

ይህን አካሄድ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደንግጎታል። ከዚያ በፊትም «በላ ልበልሃ» በሚባለው ሙግት የሚከራከሩ አባቶቻችን «ተጠየቅ» እያሉ ባላጋራቸውን ነጥብ በነጥብ ይይዙት ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ለተከሳሹ ቃል የሚሰጠው ክብር ነው፤ ጭብጡ የሚወጣው ከሁለቱም አፍ ነው። እናንተም በእድርም ሆነ በሽማግሌ ፊት ስትከራከሩ፣ ድምፅ ከፍ ከማለቱ በፊት የተማመናችሁበትን ለይታችሁ አስቀምጡ።