የእንግሊዝኛን ረዣዥም ቃላት ስለ መቈራረጥ

ረዥም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥመው ቈራርጦ እንዲያነበው ያልተመከረ ተማሪ በመካከላችን የለም። ምክሩን አንነቅፍም። የምንነቅፈው በድምፅ መቍረጥና በትርጕም መቍረጥ አንድ ሥራ መስለው መሰጠታቸውን ነው።

በተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ እየመታን ክፍሎቹን እንቈጥር ነበር። አንድ ጓደኛችን «ኢንቪዚቢሊቲ» የሚለውን ቃል ስድስት ጊዜ መትቶ ሳይሳሳት አነበበ፤ ትርጕሙን ቢጠየቅ ግን ዝም አለ። ማርኩ ሙሉ ነበር። «ኢን» አፍራሽ መሆኑን፥ «ቪዝ»ም በቪዛና በቴሌቪዥን ውስጥ ያለው የማየት ሥር መሆኑን የነገረው አልነበረም።

በድምፅ የመቍረጡ ዘዴ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይሠራበት የነበረው የእንግሊዛዊው የቶማስ ዲልወርዝ መጽሐፍ (1740) «ኔሽን»ን እንደ አጻጻፉ ና፥ ቲ፥ ኦን ብሎ በሦስት ይከፍል ነበር። ኖዋ ዌብስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1783 ባሳተመው የፊደል መጽሐፍ ይህን ነቅፎ፥ ቃሉ እንደሚነገረው በሁለት እንዲከፈል አደረገ። ለአሜሪካ ሕፃን ይህ ደግ ነው፤ ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ስለሚያውቀው ድምፁ ከወጣ ትርጕሙ ይከተላል። እኛ ግን ያልሰማነውን ቃል ድምፁን ብናወጣው ምን ይከተለናል?

«ፎቶግራፍ» ፎ፥ ቶ፥ ግራፍ ተብሎ ይከፈላል። የሙያው ስም ሲሆን ድምፁ የሚበረታበት ቦታ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይዛወርና ፈ፥ ቶግ፥ ረ፥ ፊ ይሆናል፤ መጻፍ ማለት የሆነው የግሪኩ «ግራፍ» ለሦስት ተሰነጠቀ ማለት ነው። «ሄሊኮፕተር» ይብሳል። «ሄሊኮ» ጠምዛዛ፥ «ፕተር» ክንፍ ሲሆን አፋችን «ኮፕ» ብሎ ክንፉን ይሰብረዋል።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። «ቤታችን» በድምፅ ቢቈረጥ ቤ፥ ታች፥ ችን ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ቤት አይደለም። «ቤት» የሚያልቀውና «አችን» የሚጀምረው በአንዲት ፊደል፥ በ«ታ» ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጠረጴዛው ከመመታቱ በፊት ባዕድ መነሻውና ባዕድ መድረሻው ተለይተው ሥሩ ቢታይ እንወዳለን። ይህም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። «አንደርስታንድ» ማለት ማስተዋል ሲሆን፥ ቢከፈል የሚገኘው «ከታች» እና «መቆም» ነው፤ እንዲህ ላለው ቃል መዝገበ ቃላት ከመግለጥ በቀር መንገድ የለም።