ግልባጩና ዝምታው
ስለ አዲሱ የፊልም ቅንብር ዘዴ

ለዘጋቢ ፊልም አቀናባሪ ከሁሉ የሚያደክመው መቁረጡ ሳይሆን ፍለጋው ነው። አንድ ሽማግሌ በሦስተኛው ሰዓት ላይ የተናገሩትን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለማግኘት የተቀረጸውን ሁሉ እየመለሱ መስማት ያስፈልጋል። ከዚህም የተነሣ ባለሙያዎች ቃለ ምልልሱን ቃል በቃል በወረቀት ማስገልበጥ፣ ቀጥሎም ገጹን በመቀስ እየቆራረጡ በጠረጴዛ ላይ መደርደር ልማዳቸው ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግልበጣውን ኮምፒዩተር ይሠራዋል። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 በፕሪሚየር ፕሮ የቅንብር ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባው ዘዴማ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ አቀናባሪው ከጽሑፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰርዝ ሥዕሉና ድምፁ አብረው ይሰረዛሉ፤ አንቀጽ ሲያዛውር ፊልሙም ይዛወራል። የቀናት ድካም ወደ ሰዓታት መውረዱን የሚያጣጥል ካለ ግልበጣ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ክርክራችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ዝምታን የሚያሳየው በቅንፍ በታጠሩ ሦስት ነጥቦች ሲሆን፣ እነዚህን ነጥቦች በአንድ ትእዛዝ በጅምላ ጠርጎ ለማውጣትም ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ የቀረበውን የክሎድ ላንዝማንን «ሾዓ» እናስብ። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ በሚፈጀው በዚህ ፊልም ውስጥ አብርሃም ቦምባ፣ በትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ወደ ጋዝ ክፍል የሚገቡትን ሴቶች ጠጉር እንዲቆርጥ የተገደደው ሰው፣ በአንድ ጠጉር ቤት ውስጥ መቀሱን ይዞ እየሠራ ይናገራል። የሙያ ጓደኛው ሚስትና እኅት ወደዚያ ክፍል ከገቡበት ታሪክ ሲደርስ ግን አንደበቱ ይዘጋል። ላንዝማን እንዲቀጥል ይለምነዋል፤ እርሱ ፊቱን ይጠርጋል፤ ካሜራው አይጠፋም። ይህ ሁሉ በግልባጭ ላይ ሦስት ነጥብ ነው። ዕውቁ አሜሪካዊ አቀናባሪ ዋልተር መርች ለአንድ ቁርጥ መመዘኛ የሚሆኑ ስድስት ነጥቦችን ሲደረድር ከመቶ 51 ያህሉን ለስሜት፣ 23 ያህሉን ለታሪኩ መስጠቱ በከንቱ አይደለም። ግልባጭ የሚይዘው ሁለተኛውን ነው፤ ያውም በከፊል።

በአማርኛ ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ዊስፐር ከሠለጠነበት 680,000 ሰዓት ድምፅ ውስጥ፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉትን 96 ቋንቋዎች በየራሳቸው ለመገልበጥ የዋለው በጠቅላላ 117,000 ሰዓት ነው፤ የእኛን ድርሻ አንባቢ ይገምት። ነገር ግን ግልባጩ አንዲት ፊደል ሳትጎድለው ቢወጣስ? ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። አንድ ገበሬ ስለ ክፉ ቀን ተጠይቆ «በሬው ይበላል» ብሎ ቢመልስ፣ ላልቶ ሲነበብ መኖ ያልታጣበት ቤት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የእርሻ በሬ የታረደበት ቤት ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጆሮውን ዘግቶ በዓይኑ ብቻ የሚያቀናብር ሰው ይህን ቃል ከለምለም መስክ ሥዕል አጠገብ ቢያስቀምጠው የገበሬው ምስክርነት በገዛ አፉ ተገለበጠ ማለት ነው። ቅኔ የለመደ ጆሮ ያለው ሕዝብ ይህን ስሕተት ይቅር የሚል አይመስለንም።

በእኛ አስተያየት መሣሪያው መፈለጊያ ይሁን፤ መቁረጫ አይሁን። የፊልም ተማሪ የመጀመሪያውን ድርደራ ከግልባጭ ቢጀምር ክፉ አይደለም። ሁለተኛውን ግን ጽሑፉን ከፊቱ አንሥቶ፣ ድምፁን እየሰማ፣ የተናጋሪውን ፊት እያየ መሥራት አለበት። ዝምታን በጅምላ የሚጠርገውን ትእዛዝ መምህራን ጭራሽ ባያስተምሩት እንመርጣለን፤ ለሳሙና ማስታወቂያ ይጠቅም ይሆናል።