ታጣፊ፣ ተለጣጭ፣ ታማቂ፦ ስለ ባትሪ አሰያየም

በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ገበያ ‹‹ባትሪ›› ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው የእጅ መብራቱ ነው፤ ኀይል ሰጪው ክፍል ‹‹የባትሪ ድንጋይ›› ይባላል። አጠራሩ ለማይታጠፈው ደረቅ ባትሪ ተስማሚ ነበር። ዛሬ ግን በቆዳና በልብስ ላይ ለሚለጠፉ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚሳብና የሚታመቅ ባትሪ በመሠራት ላይ ስለ ሆነ፣ ‹‹የሚለጠጥ ድንጋይ›› ማለት ቀልድ ይሆናል። ስለዚህ ባትሪ በባዕድ ስሙ ይቆይ እንላለን። ክርክራችን በቅጽሉ ላይ ነው።

በትርጉም ሥራ የሚያጋጥመው ጉድለት ሦስት የተለያዩ ጠባዮችን ‹‹ተጣጣፊ›› በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ነው። ተጣጣፊ አልጋ በማጠፊያው ይታጠፋል እንጂ አይረዝምም። ለሚታጠፈው ብቻ ‹‹ታጣፊ›› ይበቃል።

‹‹ተለጣጭ›› ይሻላል፤ ሆኖም መሳቡን እንጂ መመለሱን አይነግረንም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሱን የሚያሰናዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ በአገልግሎት ብዛት የላላ ጠፍር ተለጥጧል፣ ወደ ልኩ ግን አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው የሊትየም ባትሪ እስከ 300 በመቶ መለጠጥን ችሎ ይመለሳል። አሠራሩም ልብ ሊባል ይገባል፤ በሲሊኮን ጎማ ውስጥ የተደረደሩት ጥቃቅን የባትሪ ክፍሎች ራሳቸው አይለጠጡም፤ የሚያያይዟቸው እንደ እባብ የተጥመለመሉ ሽቦዎች ናቸው ተፍታትተው የሚረዝሙት። ስለዚህ ‹‹ተለጣጭ›› ለጠቅላላው ዕቃ እንጂ ለየክፍሉ አይሆንም። መመለሱም በመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ውስጥ በግልጽ ይግባ።

ለሦስተኛው ጠባይ ‹‹ተጨማቂ›› ማለትን አጥብቀን እንቃወማለን። ጨመቀ ማለት ፈሳሽን ከውስጥ ማውጣት ነው፤ ከሎሚ ያማረው ሥራ ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ባለው ባትሪ ላይ ጥፋት ነው። ‹‹ታማቂ›› ይመረጥ፤ የታመቀ አየር ስንል ግፊቱ ሲለቀቅ አየሩ መስፋቱ አብሮ ይታሰባልና።

ይህ የቃል ጣጣ ብቻ አይደለም። ተራ የሊትየም ባትሪ ሲታጠፍ ወይም ሲታመቅ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚለየው ስስ ገለፈት ይቀደዳል፤ ኤሌክትሮዶቹ ሲነካኩ ባትሪው ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። የሚታጠፈውንም የሚሳበውንም ‹‹ተጣጣፊ›› ያልነው እንደ ሆነ፣ ጽሑፉን ያመነ ተጠቃሚ የማይሳበውን ይስባል።

በአዊ ዞን ሕፃናት በአገውኛ ስለሚማሩ የአማርኛው ስሕተት ወደዚያ መጽሐፍም ይሻገራል። አገውኛ ኩሻዊ ቋንቋ ነውና የአማርኛውን ቅጽል ቅርጹን ይዞ ከሚቀበል፣ ለመታጠፍ፣ ለመለጠጥና ለመታመቅ ያሉት የራሱ ግሦች ከእንጅባራ ተናጋሪዎች አስቀድመው ይሰብሰቡ።